ፕሮቲን የማይሠራው አር ኤን ኤ እና የጡት ካንሰር

በዘውዲቱ መታሰቢያ ሆስፒታል የኤች አይ ቪ ክትትል ያለው ሰው «የቫይረሱ መጠን ስንት ሆነ?» ብሎ ሲጠይቅ የሚነገረው ቁጥር፣ በአንድ ሚሊ ሊትር ደሙ ውስጥ የተገኘው የቫይረሱ አር ኤን ኤ ብዛት ነው። ከካዛንቺስ ብዙም የማይርቀው ይህ የቂርቆስ ክፍለ ከተማ ሆስፒታል የፀረ ኤች አይ ቪ ሕክምናን በአገራችን ቀድመው ከጀመሩት አንዱ ነው። በ2020 እ.ኤ.አ. ኮሮና ሲገባም ከአፍንጫና ከጉሮሮ በተወሰደው ናሙና ውስጥ ሲፈለግ የነበረው የቫይረሱ አር ኤን ኤ ነበር። ስለዚህ የአዲስ አበባ ሰው አር ኤን ኤን በስሙ ባይጠራውም በውጤቱ ያውቀዋል። የካንሰር ተመራማሪዎች በዚያው ዓይነት መሣሪያ የሚከታተሉት ግን ከውጭ የገባ ቫይረስ አይደለም። የሰው ሕዋስ ራሱ የሚያወጣውን፣ የጡት ዕጢ ወዴት እያመራ እንደሆነ ሊጠቁም የሚችለውን አር ኤን ኤ ነው።

በትምህርት ቤት አር ኤን ኤን የምናውቀው በአንድ ሥራው ነው። ዲ ኤን ኤ ላይ ያለው ጂን ወደ አር ኤን ኤ ይገለበጣል፤ ሕዋሱ ያንን እያነበበ ፕሮቲን ይሠራል። ፕሮቲን የሚያሠሩት የሰው ጂኖች 20,000 ገደማ ናቸው፤ ፕሮቲን የሚነበብበት ክፍላቸው ግን ከጠቅላላው ዲ ኤን ኤ ከመቶ ሁለት እጅ አይሞላም። ከቀረው ውስጥ ብዙው ለረጅም ጊዜ ትርፍ ነገር ሲባል ቆይቷል። ዛሬ ከዚሁ «ትርፍ» አብዛኛው ወደ አር ኤን ኤ እንደሚገለበጥ ይታወቃል። ከእነዚህ አር ኤን ኤዎች አንዳንዶቹ ፕሮቲን ሳይሆኑ፣ በአር ኤን ኤነታቸው እንዳሉ ሌሎች ጂኖችን ይቆጣጠራሉ።

ይህ የታወቀው አንድ ሚሊ ሜትር በምታህል ትል ላይ ነው። በ1993 እ.ኤ.አ. አሜሪካውያኑ ቪክተር አምብሮስና ጋሪ ራቭከን፣ ሊን-4 የሚባለው የትሏ ጂን የሚያወጣው 22 ፊደል ገደማ ብቻ ያላት አጭር አር ኤን ኤ እንደሆነች አሳዩ። ይህች አጭር አር ኤን ኤ ሌላ ጂን በላከው መልእክት ላይ ትለጠፍና ፕሮቲን እንዳይሠራበት ታግዳለች። ብዙዎች ነገሩን የትል ጉዳይ አድርገው አለፉት። በ2000 ግን የራቭከን ቡድን ሌት-7 የተባለችውን ሁለተኛዋን አገኘ፤ እሷ ደግሞ በሰውም ውስጥ ተገኘች። እነዚህ አጫጭሮች ማይክሮ አር ኤን ኤ ተባሉ፤ ሁለቱም ተመራማሪዎች በ2024 የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። ከ200 ፊደል በላይ ያላቸው ረጃጅሞቹ ደግሞ ሌላ ወገን ናቸው፤ አሠራራቸውም ብዙ ዓይነት ነው።

ወደ ጡት ካንሰር ስንመጣ ስማቸው ደጋግሞ የሚነሳው ጥቂቶች ናቸው። ሚር-21 የምትባለው ማይክሮ አር ኤን ኤ በብዙ የጡት ዕጢዎች ውስጥ በዝታ ትገኛለች፤ የሕዋስን መራባት የሚገቱትን ፍሬኖች ታላላለች። ሚር-200 የሚባሉት ቤተሰቦች በተቃራኒው ሕዋሳት እርስ በርስ ተያይዘው እንዲቆዩ ያደርጋሉ፤ እነሱ ሲጠፉ ሕዋሱ ከጎረቤቶቹ ተላቆ መንቀሳቀስ ይቀለዋል። በ2007 እ.ኤ.አ. ከሮበርት ዋይንበርግ ቤተ ሙከራ ሊ ማ የተባለችው ተመራማሪና ባልደረቦቿ፣ ሚር-10ቢ የበዛችባቸው የካንሰር ሕዋሳት በአይጥ ውስጥ ወደ ሌላ አካል እንደሚሠራጩ አሳዩ። በ2010 እ.ኤ.አ. ደግሞ የሃዋርድ ቻንግ ቡድን፣ ሆትኤር የተባለው ረጅም አር ኤን ኤ በመጀመሪያው የጡት ዕጢ ውስጥ በብዛት ከተገኘ በሽታው ወደፊት የመሠራጨቱና የመግደሉ ዕድል ከፍ እንደሚል ዘገበ።

ካንሰርን አስከፊ የሚያደርገው ይኸው መሠራጨቱ ነው። በጡት ላይ ያለ ዕጢ በቀዶ ሕክምና ይወጣል፤ ሴትን የሚገድላት ሳንባ፣ ጉበት፣ አጥንትና አንጎል ላይ ሄዶ የሚያርፈው ነው። ስለዚህ ገና ሳይሠራጭ «ይህኛው ሊሄድ ነው» የሚል ጠቋሚ፣ ሐኪሞች ባዮማርከር የሚሉት ልኬት፣ ቢገኝ የማን ሕክምና መክበድ፣ የማንስ መቅለል እንዳለበት ለመወሰን ይረዳል። ይሁን እንጂ እስከ ዛሬ በጡት ካንሰር የዘወትር ሕክምና ውስጥ የገባ የማይክሮ አር ኤን ኤ ምርመራ የለም። መስኩ ገና እንዳልረጋ ለመረዳት ማላት-1 የተባለውን ረጅም አር ኤን ኤ ማየት ይበቃል። ለዓመታት ካንሰርን ያሠራጫል ሲባል ኖሮ፣ በ2018 እ.ኤ.አ. ያችው ሊ ማ የራሷን ቡድን እየመራች ባወጣችው ጥናት፣ በአይጥ የጡት ካንሰር ላይ ሥርጭትን የሚገታ ሆኖ ተገኘ። በዚህ መስክ አንድ ጥናት አይቶ መቸኮል አይገባም።

ለእኛ ግን ከዚህ የሚቀድም ጥያቄ አለ፤ ጠቋሚው የተገኘው በማን ዕጢ ላይ ነው? የጡት ካንሰር የታወቀባት ሴት ናሙና ለሦስት ነገሮች ይመረመራል፦ የኢስትሮጅን ተቀባይ፣ የፕሮጄስትሮን ተቀባይ እና ኸር-ቱ የሚባለው ፕሮቲን። ሦስቱም ከሌሉ ካንሰሩ ባለሦስት ኔጋቲቭ ይባላል። ይህ ዓይነቱ ቶሎ የሚሠራጭ ነው፤ በሆርሞን መድኃኒትም አይታከም። በአሜሪካ ጥቁር ሴቶች ላይ ከነጮቹ ይልቅ እንደሚበዛ ስለታወቀ፣ ነገሩ የአፍሪካ ዘር ጉዳይ ነው የሚል ግምት ሰፍኖ ነበር። የሊሳ ኒውማን የምርምር ቡድን የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታልን ታካሚዎች ከጋናና ከአሜሪካ ታካሚዎች ጋር አነጻጽሮ በ2016 እ.ኤ.አ. ያወጣው ውጤት ይህን ግምት ቀየረው። ባለሦስት ኔጋቲቭ የሆነው ካንሰር በጋናውያን ከመቶ 53፣ በአፍሪካ አሜሪካውያን ከመቶ 30 ገደማ ሲሆን፣ በኢትዮጵያውያን 15 ብቻ ነበር፤ ከነጮቹ አሜሪካውያን ጋር እኩል ማለት ነው።

እኔ ከዚህ ቁጥር የምወስደው ትምህርት ግልጽ ነው። «ለጥቁር ሴቶች» ተብሎ በሌላ አገር የተሠራ የአር ኤን ኤ ጠቋሚ ለኢትዮጵያዊት በቀጥታ አይሠራላትም፤ እዚሁ፣ በእኛው ሴቶች ናሙና ላይ መፈተን አለበት። ሌላም ነገር አለ። በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ከ2005 እስከ 2010 እ.ኤ.አ. የታከሙ 1,070 ሴቶችን የተከታተለው ጥናት እንዳሳየው መካከለኛ ዕድሜያቸው 43 ነበር። በአውሮፓና በአሜሪካ ግን የጡት ካንሰር አብዛኛውን ጊዜ የሚታወቀው ከ60 ዓመት ወዲያ ነው። ሴቶቻችን ልጅ እያሳደጉ፣ እየሠሩ ባሉበት ዕድሜ ይታመማሉ፤ ብዙዎቹም ሐኪም ዘንድ የሚደርሱት ዕጢው ካደገ በኋላ ነው። በሌላ አገር ገና በማሞግራፊ በተያዘ ትንሽ ዕጢ ላይ የተለካ ጠቋሚ ለእነሱ ምን ያህል እንደሚነግራቸው አስቀድሞ ማወቅ አይቻልም።

ተስፋ የሚሰጠኝ የማይክሮ አር ኤን ኤ ጥንካሬ ነው። በባዮፕሲ የተወሰደ ሥጋ ፎርማሊን ውስጥ ይነከራል፤ ከዚያ በሰም መሰል ፓራፊን ተደፍኖ «ብሎክ» ሆኖ ይቀመጣል። በዚህ ሂደት ረጃጅሞቹ አር ኤን ኤዎች ይቆራረጣሉ። 22 ፊደል ያላት አጭር ግን የሚቆረጥ ብዙ ነገር ስለሌላት ከዓመታት በኋላም ልትለካ ትችላለች። በየፓቶሎጂ ክፍሉ መደርደሪያ የተቀመጡ የድሮ ብሎኮች ታዲያ ጥያቄ ሊቀርብላቸው ይችላል ማለት ነው፦ በሽታው ከተመለሰባት ሴት ብሎክ ውስጥ የትኛዋ በዝታ ነበር? ከዳነችውስ?

ደም ላይ ነገሩ ይበልጥ ያስቸግራል። በ2008 እ.ኤ.አ. ማይክሮ አር ኤን ኤ በደም ፈሳሽ ውስጥ ሳይበላሽ እንደሚቆይ ሲታወቅ ያለ ባዮፕሲ ካንሰርን መከታተል ይቻላል የሚል ትልቅ ጉጉት ተፈጠረ። ነገር ግን ቀይ የደም ሕዋሳት ራሳቸው ሚር-451ንና ሚር-16ን በብዛት ይይዛሉ። ደሙ በመቅጃ ጊዜ ከተጎዳ ወይም ፈሳሹ ከሕዋሳቱ ሳይለይ ለሰዓታት ከቆየ፣ ሕዋሳቱ ይፈነዱና ውጤቱን ያዛቡታል። ስለ ካንሰር የተነገረ የመሰለው ቁጥር ስለ ደም አቀዳዱ የሚናገር ይሆናል። ስለዚህ ደሙን የሚቀዳው ነርስና ናሙናውን የሚያጓጉዘው ሰው ከማሽኑ እኩል ዋጋ አላቸው፤ ለምርምር የሚመደበው ገንዘብም እነሱ ዘንድ መድረስ አለበት ብዬ አምናለሁ።

ከዚያ በኋላ ዓመታት ያስፈልጋሉ። ጠቋሚ ትክክል መሆኑ የሚታወቀው ሴቲቱ አምስት፣ አሥር ዓመት ክትትል ተደርጎላት ምን እንደደረሰባት ሲታይ ነው። በጥቁር አንበሳ በ2011 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው የአዲስ አበባ የካንሰር መዝገብ ለዚህ ጥሩ መሠረት ነው፤ በሴቶች ላይ ከሚመዘግባቸው ካንሰሮች ሲሶ ያህሉ የጡት ነው። ሆኖም ከተማ ይንቀሳቀሳል። በ2024 መጨረሻ በኮሪደር ልማቱ ከካዛንቺስ የተነሱ ቤተሰቦች ዛሬ ገላን ጉራና ሌሎች ዳርቻዎች ላይ ናቸው። በካርዷ ላይ የካዛንቺስ ቀበሌ የተጻፈባትን ሴት የሚያገኛት የቤት አድራሻዋ ሳይሆን ስልኳ ነው፤ እሱም ካልተቀየረ። የመንደር መነሣትና የካንሰር ምርምር እንዲህ ይገናኛሉ ብሎ የሚያስብ ብዙ ሰው ያለ አይመስለኝም፤ ክትትልን የሚያቅዱ ሰዎች ግን ከወዲሁ ሊያስቡበት ይገባል።

እንዲህ ያለው ጠቋሚ እስኪደርስ ድረስ በእጅ ያለው ብዙ ነው። በሩዋንዳ ቡታሮ ሆስፒታል፣ ለሳንባ ነቀርሳ ምርመራ እኛም ዘንድ በሰፊው የሚታወቀው ጂን ኤክስፐርት ማሽን የጡት ዕጢን ተቀባዮች አር ኤን ኤ እንዲለካ ተሞክሯል። የኢስትሮጅን ተቀባይ ያለበት ካንሰር ደግሞ ታሞክሲፌን በሚባለው ርካሽ ክኒን ለአምስት ዓመት ቢታከም የመሞት ዕድል በሲሶ ገደማ ይቀንሳል፤ ከኢትዮጵያውያን ታካሚዎች ውስጥ ብዙዎቹ ይህ ተቀባይ አላቸው። ጡቷ ላይ እብጠት ያገኘች የቂርቆስ ሴት ሳትዘገይ ትመርመር። ካንሰር ነው ከተባለም የሦስቱን ተቀባዮች ውጤት በጽሑፍ ትጠይቅ፤ ብሎኩ የት እንደሚቀመጥም ትወቅ፣ ስልኳን ከቀየረች ለምትታከምበት ክፍል ታሳውቅ።