የአሥር ደቂቃ ኢሜይል

ደሴ ሰኞ ገበያም ሆነ ኮምቦልቻ፣ የመጀመሪያ ስልኩን የገዛ ሰው ጂሜሉን ብዙ ጊዜ የሚከፍትለት ሻጩ ነው። ያቺው አንዲት አድራሻ ከዚያ ወዲያ ለሁሉም ትውላለች፤ ለዲቪ፣ ለሥራ ማመልከቻ፣ ለፌስቡክ፣ «የሲቪ ናሙና በነጻ» ለሚል ድረ ገጽ ሳይቀር። ከእነዚህ አንዱ ከተዘረፈ አድራሻዋም አብራ ትወጣለች። በ2012 እ.ኤ.አ. ከሊንክድኢን የተሰረቀው መረጃ ከአራት ዓመት በኋላ ለሽያጭ ሲቀርብ ከ100 ሚሊዮን በላይ ሰዎች ኢሜይል ነበረበት።

ጊዜያዊ ኢሜይል ለዚህ ይበጃል። ከቀደምቶቹ አንዱ ሜይሊኔተር በ2003 እ.ኤ.አ. ሥራ ጀመረ። ሌላው፣ ቴን ሚኒት ሜይል፣ ሲከፈት ስምም የይለፍ ቃልም አይጠይቅም። ፊደልና ቁጥር የተቀላቀለበት አድራሻ ይሰጣል፤ ከአጠገቡ አሥር ደቂቃው ወደ ታች መቁጠር ይጀምራል። አድራሻውን ኮፒ አድርጎ ሲቪው ገጽ ላይ መለጠፍ ነው፤ የማረጋገጫ ኮዱ እዚያው ስክሪን ላይ ብቅ ይላል። ጊዜው ሲያልቅ ሳጥኑ ይጠፋል፤ ማስታወቂያ የሚልኩትም መድረሻ ያጣሉ።

ግን የጊዜያዊ ኢሜይል ሳጥን ቁልፍ የለውም። በሜይሊኔተር የነጻ አገልግሎት የአድራሻውን ስም ያወቀ ወይም የገመተ ሁሉ ደብዳቤውን ያነባል። ስለዚህ ባንክ፣ ዩኒቨርሲቲ፣ ሥራ ቅጥር የመሰለ ጉዳይ በፍጹም አይገባበትም። ዲቪም እንዲሁ፤ የማረጋገጫ ቁጥሩ የጠፋበት ሰው መልሶ ለማግኘት ፎርሙን ሲሞላ የሰጠውን ኢሜይል ይጠየቃል። ፎርሙን ኢንተርኔት ቤት የምታስሞሉ፣ የማን ኢሜይል እንደገባ ቆማችሁ እዩ፤ የኢንተርኔት ቤቱ ባለቤት ኢሜይል ከሆነ በራሳችሁ አስቀይሩት። ሻጩ የከፈተላችሁን ጂሜል የይለፍ ቃልም ዛሬውኑ ቀይሩ።

አገራችን በ2016 ዓ.ም. የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321ን አውጥታለች፤ ተቆጣጣሪው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ትልቅ እርምጃ ነው። ኢሜይላችንን ከሚሰበስቡት ድረ ገጾች ብዙዎቹ ግን ውጭ አገር ስለሆኑ ጥንቃቄው ከራሳችን ይጀምራል።

ጊዜያዊውን አድራሻ የማይቀበሉ ድረ ገጾችም አሉ። ለእነሱ፣ እንዲሁም ደጋግመን ለምንገባባቸው፣ እኔ የምመርጠው እንደ ፋየርፎክስ ሪሌይ ያለውን ነው። የሚሰጠው የሽፋን አድራሻ ነው፤ ደብዳቤው በእሱ በኩል ወደ ዋናው ኢሜይላችሁ ይደርሳል፣ ድረ ገጹ ግን ዋናውን አያይም። አምስት አድራሻ በነጻ ይሰጣል፤ ያስቸገራችሁን ለብቻው ትዘጉታላችሁ።