«ሲጋራውን ተዉለት» የሚባለው ርኅራኄ

አንድ ሰው የአእምሮ ሕመም ሲይዘው ቤተሰብ ብዙ ነገር ይከለክለዋል። ሲጋራውን ግን ብዙ ጊዜ አይነካበትም። «የሚያረጋጋው እሱ ብቻ ነው፣ ተዉለት» ይባላል። ሐኪሞችም ለረጅም ዘመን እንዲሁ ያስቡ ነበር፤ በተለያዩ አገሮች የአእምሮ ሆስፒታሎች ሲጋራ ለጥሩ ጠባይ ሽልማት ሆኖ ይታደል ነበር።

የዚህ ርኅራኄ ዋጋ ከባድ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው፣ ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸው ሰዎች ከሌላው ሕዝብ ከ10 እስከ 20 ዓመት ቀድመው ይሞታሉ። ብዙዎቹን የሚገድላቸው እንደ ልብና ሳንባ በሽታ ያለ፣ መከላከል የሚቻል ሕመም ነው።

ከልጅነት የሚነሳ

በአሜሪካ ሳን ዲዬጎ ሐኪሞቹ ቪንሰንት ፌሊቲና ሮበርት አንዳ ከ9,000 በላይ አዋቂዎችን ስለ ልጅነታቸው ጠየቁ፦ ተደብድበዋል? ተደፍረዋል? እናታቸው ስትመታ አይተዋል? እ.ኤ.አ. በ1998 እና በ1999 የወጣው ውጤት እንዳሳየው፣ የልጅነት መከራው ዓይነት በበዛ ቁጥር በድባቴ የመያዝና በለጋ ዕድሜ ሲጋራ የመጀመር ዕድሉም ይጨምራል። የዓለም ጤና ድርጅት በኋላ ባዘጋጀው መጠይቅ ጦርነትና የመሳሰለው ሁከትም ተካቷል።

ይህ በኢየሩሳሌም ለሚኖር አማርኛ ተናጋሪ የሩቅ ወሬ አይደለም። በሄርዝል ተራራ ያለው መታሰቢያ፣ በሱዳን በኩል ሲመጡ በመንገድና በመጠለያ ጣቢያ ላለቁ፣ ወደ 4,000 ለሚገመቱ ቤተ እስራኤላውያን የቆመ ነው። በ1984 እና 85 በሙሴ ዘመቻ በልጅነታቸው የገቡት ዛሬ ጎልማሶች ናቸው፤ ከመካከላቸው ወላጅ ወይም እህት ወንድም በመንገድ የቀበሩ አሉ። በኢትዮጵያ ጎዳና፣ በደብረ ገነት ኪዳነ ምሕረት ዙሪያ የሚሰባሰቡት ሰዎች ታሪክ ደግሞ ሌላ ነው። ሁለቱንም የሚያገናኛቸው «ሆድ ይፍጀው» የሚለው ልማድ ነው።

ማጨሱም ቢሆን ይደበቃል። በ2016 በተደረገ ብሔራዊ ጥናት በኢትዮጵያ ትምባሆ የሚጠቀመው አዋቂ 5 በመቶ ያህል ብቻ ነበር፤ በእስራኤል ግን ከአምስት አዋቂ አንዱ ገደማ ያጨሳል። ሲጋራን እንደ ብልግና ከሚያይ ወላጅ ጋር የሚኖር ልጅ ችግሩን ለማን ይናገር? በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም።

እውነት ያረጋጋል?

ኒኮቲን በሰከንዶች ውስጥ አንጎል ይደርስና ደስ ያሰኛል። መጠኑ ሲቀንስ ግን ብስጭት፣ መቁነጥነጥና መከፋት ይመጣል። የሚቀጥለው ሲጋራ የሚያስታግሰው በአብዛኛው ያለፈው ያመጣውን ጭንቀት ነው። በ2014 በእንግሊዝ የሕክምና መጽሔት የወጣ ግምገማ እንዳሳየው፣ ማጨስ ያቆሙ ሰዎች ካላቆሙት ይልቅ ድባቴና ጭንቀታቸው ቀንሷል። የአእምሮ ሕመም ያለባቸውም እንዲሁ። ማቆሚያ መድኃኒቶቹስ አያስፈሩም? በ2016 ከ8,000 በላይ ሰዎችን ያካተተ ጥናት፣ ግማሽ ያህሉ የአእምሮ ሕመም ያለባቸው ሲሆኑ፣ መድኃኒቶቹ ከባድ የስሜት ቀውስ በጉልህ እንደማይጨምሩ አሳይቷል።

ምን ይደረግ?

በእስራኤል ኩፓት ሆሊም ለአባላቱ የማጨስ ማቆሚያ ቡድን በነጻ ያዘጋጃል፤ መድኃኒቱም ድጎማ አለው። የጤና ጥበቃ ሚኒስቴር የስልክ መስመር *6800 ነው። ዕብራይስጥ የሚከብደው ሰው አስተርጓሚ ሊጠይቅ ይገባል።

አንድ ጥብቅ ማሳሰቢያ አለ። የሲጋራ ጭስ እንደ ክሎዛፒንና ኦላንዛፒን ያሉ መድኃኒቶችን ከሰውነት ቶሎ ያስወጣል። ስለዚህ ሰውየው በድንገት ሲያቆም የመድኃኒቱ መጠን በደሙ ውስጥ ከፍ ሊል ይችላል። ከማቆሙ በፊት ለሐኪሙ መንገር አለበት እንጂ መድኃኒቱን በራሱ መቀነስ የለበትም።

ቤተሰብም ከቁጣ ይልቅ ጥያቄ ቢያስቀድም ይሻላል፦ «መቼ ጀመርክ? ያኔ ምን ሆነህ ነበር?» መልሱ ከበድ ካለ ግድ አይደለም፤ ለባለሙያ የሚነገርበት ቦታ አለ። ሌሊት ሆዱ የባሰበት ሰው ደግሞ በ1201 ወደ ኤራን መደወል ይችላል።