ቡናው ብዙ፣ ምጣዱ አንድ

ቡና መቁላት የማያውቅ የለም እንላለን። ግን ስንት ጊዜ ቡናችን አርሯል? ስንት ጊዜ ከላይ ጠቁሮ ከውስጥ ጥሬ ሆኗል? ይህ የሚሆነው በሁለት ነገር ነው። አንዱ የቡናው ልክ ነው። ሁለተኛው የእሳቱ ልክ ነው።

እኔ ይህን የተማርኩት ከመጽሐፍ አይደለም። የምኖረው በአሶሳ ዙሪያ ካሉት የሰፈራ መንደሮች በአንዱ ነው። ያስጠጉኝ እናት በ1977 ዓ.ም. ከወሎ የመጡ ናቸው። አንድ ቀን ጎረቤት ለቅሶ ሆነ። እማማ የማንጎ ሽያጭ ገንዘባቸውን አውጥተው 1 ኪሎ ጥሬ ቡና ገዙ። «አስተማሪ፣ ውሃ ቀድቼ እስክመለስ ቡናውን ጀምሪልኝ» አሉኝ።

እኔም ቸኮልኩ። ኪሎውን በሙሉ ምጣዱ ላይ ዘረገፍኩት። ደረቅ ቀርከሃ ማገድኩበት። ቀርከሃ ቶሎ ይነዳል፤ ቶሎም ያልቃል። እሳቱ አንዴ ቦግ፣ አንዴ ድርግም አለ። የታችኛው ቡና ከሰለ። የላይኛው ጥሬ ቀረ።

እማማ መጥተው አዩት። አልተቆጡም። «ልጄ፣ ቡናው ብዙ፣ ምጣዱ አንድ» አሉ። ያረረውን ለቅመው ጣሉ። የኪሎው ግማሽ ያህል ተጣለ። የተረፈውን ራሳቸው ቆሉት። እኔም ዓይኔን ሳልነቅል አየሁ።

ስንት ቡና እናድርግ?

የምጣዱን ወለል አንድ ረድፍ ብቻ የሚሸፍን ይበቃል። ቡናው ከተደራረበ የታችኛው ያርራል፤ የላይኛው አይበስልም። ብዙ ቡና ምጣዱንም ያቀዘቅዘዋል። እንግዳ ከበዛ ደጋግመን እንቁላ። 1 ኪሎ በአንድ ጊዜ ከመቁላት፣ ሩብ ሩብ ኪሎ እያደረጉ 4 ጊዜ መቁላት ይሻላል።

እሳቱስ?

የሚሻለው ነበልባል ሳይሆን ፍም ነው። ፍም ሙቀቱ እኩል ነው። ከቆርቆሮ የተሠራ ስስ ምጣድ ቶሎ ይግላል። ስለዚህ እሳቱ ይቀነስለት። ሸክላና ወፍራም ብረት ቀስ ብለው ይግላሉ፤ ግን ሙቀት ይይዛሉ። እሳቱ ከበረታ ፍሙን እናሳሳ። እጃችንም ማማሰሉን አያቁም።

ቡናው ራሱ ይናገራል

ጥሬ ቡና ውስጥ ውሃ አለ። መጀመሪያ ውሃው ይተናል፤ ቡናው ቢጫ ይሆናል። ቀጥሎ ይቀላል፤ ይጠቁራል። ከዚያ «ጧ! ጧ!» ይላል። ይህ በውስጡ የታመቀው እንፋሎት ፍሬውን ሲሰነጥቀው ነው። የፍሬው ሙቀት ያኔ 200 ዲግሪ ገደማ ደርሷል። ውሃ ከሚፈላበት እጥፍ ያህል ማለት ነው።

ድምፁን ስንሰማ እሳቱን እንቀንስ። የምንፈልገው መልክ ሲመጣ ወዲያው ሰፌድ ላይ እንዘርጋው። ምጣዱ ከእሳት ቢወርድም ስለጋለ መቁላቱን አይተውም። ብዙ ሰው ቡናው የሚያርርበት እዚህ ላይ ነው።

ቡና ሲቆላ ክብደቱ ይቀንሳል። 1 ኪሎ ጥሬ ቡና በደንብ ሲቆላ 850 ግራም ገደማ ይሆናል። የጎደለው አብዛኛው ውሃ ነው። ማንም አልሰረቀንም!

ልብ እንበል!

ከሰል ስንጠቀም ውጭ እናቀጣጥል። ቤት ስናስገባም በርና መስኮት እንክፈት። ከሰል ሽታም መልክም የሌለው መርዝ ያወጣል። ጭሱ ቢጠፋም መርዙ አይጠፋም። በተዘጋ ቤት ሰው ይገድላል። ፍም አጠገባችን አድርገን ፈጽሞ አንተኛ።

ያን ቀን ለቅሶ ቤት 3 ጀበና ቡና አደረስን። ለአራተኛው ጀበና ቡና አልቀረም። እማማ «የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች» ብለው ሳቁ። እኔ ግን አልሳቅሁም። የማንጎው ገንዘብ በጭስ ሄዷል።

አንብበን እንመልስ

1. ቡናው የተቃጠለው ለምንድን ነው?
2. የእኛ ምጣድ በአንድ ረድፍ ስንት እፍኝ ቡና ይይዛል? ዛሬ ለክተን እንጻፍ።