ባል ታክሲ፣ ሚስት ዩኒቨርሲቲ፤ በአንድ ቤት ሁለት ዓይነት ጡረታ

አገር ቤት ጡረታ ለረጅም ዘመን የመንግሥት ሠራተኛ ነገር ነበር። የግል ድርጅት ሠራተኛ በዐዋጅ ባለመብት የሆነው ገና በ2003 ዓ.ም. ነው። ነጋዴውና ሾፌሩ የሚጦሩት በልጅ ነበር። ብዙዎቻችን ይህንኑ አስተሳሰብ ይዘን ዴንቨር ገባን። ዛሬ ግን ሁለቱም በአንድ ጣሪያ ሥር ይገኛሉ። ባል ከኤርፖርት ሰው ያመላልሳል ወይም አውሮራ ውስጥ ሱቅ አለው። ሚስት ደግሞ በኮልፋክስ ጎዳና፣ ቀድሞ ፊትዝሲመንስ የሚባለው የጦር ሆስፒታል በነበረበት የአንሹትዝ ግቢ፣ በኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ ትሠራለች።

በቅድሚያ የእርሷን የደመወዝ ወረቀት አውጥታችሁ ተመልከቱ። በጽዳት፣ በጥገናና በመሳሰለው በስቴቱ የሠራተኛ መደብ የተቀጠረች ከሆነ ገንዘቧ የሚገባው ወደ ሶሻል ሴኪዩሪቲ ሳይሆን «ፔራ» ወደሚባለው የኮሎራዶ መንግሥት ሠራተኞች ጡረታ ነው። ከደመወዟ 11 ከመቶ ይቆረጣል፤ የሜዲኬር ተቀናሽ ግን አይቀርም። መምህራንና ከፍተኛ ባለሙያዎች በአብዛኛው ሌላ ፕላን አላቸው፤ እነርሱ 5 ከመቶ ሲያዋጡ ዩኒቨርሲቲው 10 ከመቶ ይጨምርላቸዋል፣ ሶሻል ሴኪዩሪቲም ይከፍላሉ። በዚያው ግቢ ያለው ሆስፒታል ደግሞ ራሱን የቻለ አሠሪ ስለሆነ «ጎረቤቴ እንዲህ አለችኝ» ብሎ መወሰን አያዋጣም።

በፔራ አምስት ዓመት የሞላት ሰው ዕድሜ ልክ የሚከፈል የወር ጡረታ መብት ታገኛለች። አራት ዓመት ከስምንት ወር ሠርታ ለመልቀቅ ያሰበች እኅት ካለች የቀሩትን አራት ወራት ብትታገሥ እንመክራለን። ሥራ ለቅቃ ያጠራቀመችውን ካወጣች የወር ጡረታው መብትም አብሮ ይሄዳል።

ብዙ ቤተሰብ ያልሰማው ነገር የሚከተለው ነው። ቀደም ሲል እንደ ፔራ ያለ ጡረታ ያላት ሚስት በባሏ ሶሻል ሴኪዩሪቲ ላይ ያላት መብት በጡረታዋ ሁለት ሦስተኛ ይቀነስ ነበር። ለምሳሌ ፔራዋ በወር 1,500 ዶላር፣ የሟች ባሏ ደግሞ 1,800 ቢሆን፣ 1,000 ተቀንሶ 800 ብቻ ይደርሳት ነበር። ይህ ሕግ ጃንዋሪ 5 ቀን 2025 እ.ኤ.አ. በተፈረመ ሌላ ሕግ ተሽሯል፤ ከጃንዋሪ 2024 ጀምሮ ላለው ክፍያም ይሠራል። «ምንም አይደርስሽም» ተብላ ማመልከቻ ሳታስገባ የቀረች ሚስት ወይም መበለት ሳትውል ሳታድር ታመልክት። ካላመለከተች ቤቷ ድረስ የሚያመጣላት የለም።

ይህ ሁሉ እንግዲህ ባልየው በሶሻል ሴኪዩሪቲ መዝገብ ላይ የሚታይ ገቢ ሲኖረው ነው። ሾፌሮቻችን በ2009 እ.ኤ.አ. ዩኒየን ታክሲን፣ በ2016 እ.ኤ.አ. ግሪን ታክሲን በኅብረት ሲያቋቁሙ የመኪናውም የድርጅቱም ባለቤት ሆኑ። የራሱ ጌታ የሆነ ሰው ግን ጡረታውን የሚቆርጥለት አለቃ የለውም። ከቤንዚንና ከኢንሹራንስ በኋላ 40,000 ዶላር የተረፈው ሾፌር ለሶሻል ሴኪዩሪቲና ለሜዲኬር ወደ 5,650 ዶላር ይከፍላል። 12,000 ነው ብሎ ቢያስመዘግብ 1,700 ገደማ ይከፍላል። የዛሬው ልዩነት ደስ ያሰኛል፤ ነገር ግን ጡረታው የሚሰላው ከፍተኛ ገቢ ባስመዘገበባቸው 35 ዓመታት ስለሆነ በእርጅናው ለራሱም ለሚስቱም የሚደርሰው በዚያው ልክ ያንሳል። አገር ቤት የሠራባቸው ዓመታትም አይቆጠሩለትም፤ ኢትዮጵያና አሜሪካ የጡረታ ዘመን የሚያቀናጅ ስምምነት የላቸውም።

ባለሱቆችስ? አምስትና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያለውና ሁለት ዓመት የሞላው ንግድ የራሱ የጡረታ ፕላን ከሌለው ኮሎራዶ ሴኪውር ሴቪንግስ በተባለው የስቴቱ ፕሮግራም መመዝገብ ግዴታው ነው፤ ካልሆነ ቅጣት አለ። ከባለቤቱ ኪስ የሚወጣ መዋጮ የለም። ከሠራተኛው ደመወዝ፣ አልፈልግም ካላለ በቀር፣ 5 ከመቶ ይቆረጣል። ብቻውን የሚሠራ ሾፌርም በግሉ ሊገባ ይችላል።

ወደ ሾፌሩ መዝገብ ስንመለስ፣ በራሱ ሥራ የሚተዳደር ሰው ገቢውን ማስመዝገብ የሚችለው ያ ዓመት ካለቀ በኋላ በሦስት ዓመት፣ በሦስት ወርና በ15 ቀን ውስጥ ነው። ጊዜው ካለፈ ታክሱን ቢከፍል እንኳ ለጡረታው አይያዝለትም። ስለዚህ በዚህ ሳምንት ከሶሻል ሴኪዩሪቲ የገቢ መግለጫችሁን አስወጡና ባዶ የተመዘገበ ዓመት ካያችሁ ወደ አካውንታንታችሁ ይዛችሁት ሂዱ።