አስናቀች ወርቁ
አስናቀች ወርቁ (1927 ዓ.ም. ገደማ – መስከረም 3 ቀን 2004 ዓ.ም.) ኢትዮጵያዊት ተዋናይት፣ ድምፃዊትና ክራር ደርዳሪ ነበረች። በአገሪቱ ዘመናዊ የቴአትር መድረክ የመጀመሪያዋ ሴት ተዋናይት እንደሆነች ይነገርላታል።

የተወለደችው በአዲስ አበባ ነው። የመጀመሪያ ክራሯን ገዝታ ያለ አስተማሪ ለመደችው።

ወደ ቴአትር የገባችው በ1940ዎቹ አጋማሽ ሲሆን ያን ጊዜ የሴት ገጸ ባሕርያትን የሚጫወቱት እንደ ሴት የለበሱ ወንዶች ነበሩ። መድረክ ላይ የምትወጣ ሴት «አዝማሪ» ተብላ ትናቅ ስለነበር ደፍራ የምትገባ አልተገኘችም። አስናቀች ስድቡን ችላ ገባች፤ ሌሎች ሴቶችም ተከተሉ። በኋላም በ1948 ዓ.ም. በተከፈተው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር (የዛሬው ብሔራዊ ቴአትር) ለረጅም ዓመታት ሠርታለች።

የመድረክ ትወና እንደ ፊልም ተመልሶ አይታይምና የዛሬው ወጣት ይበልጥ የሚያውቃት በዘፈኗ ነው። በ1960ዎቹ የተቀረጹት የክራር ዘፈኖቿ በፈረንሳይ በሚታተመው «ኢትዮፒክስ» በተባለው ተከታታይ አልበም 16ኛ ቅጽ ሆነው እ.ኤ.አ. በ2003 ወጥተዋል። ራሔል ሳሙኤል ስለ ሕይወቷ የሠራችው «አስኒ» የተሰኘ ዘጋቢ ፊልም ለእይታ የበቃው አስናቀች ካረፈች በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2013 ነው።