ኢሜይል፦ ሣጥኑ፣ አድራሻውና ቁልፉ

በአገራችን በተለመደው አሠራር ደብዳቤ ወደ ሰው ቤት አይመጣም፤ ሰው ወደ ደብዳቤው ይሄዳል። በአዳማም ይሁን በሻሸመኔ፣ በፖስታ ቤት ቁጥር የተጻፈባቸው ትንንሽ ሣጥኖች በረድፍ ተደርድረው ይታያሉ። ባለ ሣጥኑ ቁልፍ አለው። ለእርሱ የተጻፈ ደብዳቤ ሲመጣ የፖስታ ቤቱ ሠራተኛ በሣጥኑ ውስጥ ያኖርለታል፤ ባለቤቱም በተመቸው ጊዜ ሄዶ ይከፍታል። አንድ ወር ቢቀር እንኳ ደብዳቤው በዚያው ይጠብቀዋል። ቁልፉን ሌላ ሰው ከያዘው ግን፣ በደብዳቤው ላይ የተጻፈው ስም የማንም ይሁን የማን፣ ደብዳቤውን የሚያነበው ቁልፍ ያዡ ነው።

ይህን ያነሣነው ያለ ምክንያት አይደለም። ኢሜይል ከዚህ አሠራር ጋር እጅግ የሚቀራረብ ነገር ነው። ብዙ ሰዎች ኢሜይል በስልካቸው ውስጥ የሚቀመጥ ይመስላቸዋል፤ ስልኩ ሲጠፋ ወይም ሲሰበር መልእክቶቻቸውም አብረው የጠፉ መስሏቸው የሚያዝኑ አሉ። ነገሩ እንዲህ አይደለም። ስልኩ ወይም ኮምፒዩተሩ ማያ መስኮት ነው። ሣጥኑ ያለው ግን ሌላ ቦታ፣ ሰርቨር በሚባል ሌሊትና ቀን በማይጠፋ ኮምፒዩተር ውስጥ ነው። ስለዚህ አድራሻውንና የይለፍ ቃሉን የሚያውቅ ሰው በማናቸውም ስልክ፣ በማናቸውም ከተማ ሆኖ ሣጥኑን ሊከፍት ይችላል።

የኢትዮጵያ ፖስታ በ1886 ዓ.ም. በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ተመሠረተ፤ በ1901 ዓ.ም. አገራችን የዓለም ፖስታ ኅብረት አባል ሆነች። ከጅቡቲ የተነሣው የባቡር ሐዲድ በአዳማ በኩል አልፎ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከደረሰ ወዲህ፣ ወደ አውሮፓ የሚላክ ደብዳቤ በባቡር ወደ ጅቡቲ ይወርድና ከዚያ በመርከብ ይሻገር ነበር። ኢሜይል በዓለም ላይ የታወቀው ከዚህ ብዙ ዘግይቶ ነው። እ.ኤ.አ. በ1971 ሬይ ቶምሊንሰን የተባለ አሜሪካዊ መሐንዲስ፣ አርፓኔት በተባለው መረብ አማካይነት፣ በአንድ ክፍል ጎን ለጎን ከተቀመጡት ሁለት ኮምፒዩተሮች ከአንዱ ወደ ሌላው የመጀመሪያውን መልእክት ላከ። መልእክቱ ምን ይል እንደ ነበር ቢጠየቅ፣ ለሙከራ የተጻፈ ስለ ነበር ራሱም በትክክል አላስታወሰውም። ወደ አገራችን ስንመጣ፣ ኢንተርኔት ለሕዝብ አገልግሎት መስጠት የጀመረው በ1989 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ ግን በአዲስ አበባ በሚገኘው በተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ውስጥ፣ ፓዲስ የተባለው ክፍል የኢሜይል መልእክቶችን እያጠራቀመ በተወሰነ ሰዓት በስልክ መስመር ወደ ውጭ አገር ይልክ ነበር። የደብዳቤ ከረጢት የባቡሩን ሰዓት እንደሚጠብቅ፣ እነዚያም መልእክቶች የስልኩን ሰዓት ይጠብቁ ነበር ማለት ነው።

አሁን ወደ አድራሻው እንለፍ። የኢሜይል አድራሻ ሁለት ክፍል አለው። ሁለቱን የምትለያቸው ምልክት የላቲኗ «ኤ» ፊደል ጅራቷን አዙራ ራሷን የከበበችባት ናት፤ ስሟም «ኤት» ነው፤ በአማርኛ «ዘንድ» እንደ ማለት ነው። ይህችን ምልክት ለዚህ ሥራ የመረጣት ከላይ የጠቀስነው ቶምሊንሰን ነው። ከምልክቷ በስተግራ የሚጻፈው የባለ ሣጥኑ መለያ ሲሆን በስተቀኝ የሚጻፈው ሣጥኑን የሚጠብቀው ድርጅት ስም ነው። እንግዲህ አድራሻው ሲነበብ «እገሌ፣ በእንዲህ ያለው ድርጅት ዘንድ» ማለት ይሆናል።

እዚህ ላይ ኢሜይል ከወረቀቱ ደብዳቤ የሚለይበት አንድ ከባድ ነገር አለ። እንደምታውቁት የስምጥ ሸለቆ ከተሞቻችን ብዙዎቹ ባለ ሁለት ስም ናቸው። አዳማ ለረጅም ዘመን ናዝሬት ስትባል ኖራ እ.ኤ.አ. በ2000 የቀድሞ ስሟ በይፋ ተመልሶላታል። ቢሾፍቱ ደብረ ዘይት፣ ባቱም ዝዋይ ይባሉ ነበር፤ ዛሬም በሁለቱም ስም የሚጠራቸው አይጠፋም። በፖስታው ላይ «ናዝሬት» ብሎ የጻፈ ሰው ደብዳቤው አዳማ ይደርስለታል። «ናዝሪት» ብሎ ቢሳሳት እንኳ ይደርስለታል፤ ደብዳቤውን የሚለየው ሰው ነውና የጸሐፊውን ሐሳብ ይረዳለታል። ኮምፒዩተር ግን የተጻፈለትን እንጂ የታሰበውን አያውቅም። ከኤት በስተቀኝ ያለው ሲሳሳት ብዙውን ጊዜ «መልእክቱ አልደረሰም» የሚል ምላሽ ይመጣል፤ ይህ ቀላሉ ነው። በስተግራ ያለው ሲሳሳት የከፋ ነገር ሊያጋጥም ይችላል። በተሳሳተው መለያ የሚጠራ ሌላ ባለ ሣጥን ካለ፣ ደብዳቤው ያለ ምንም ድምፅ ለእርሱ ይደርሳል፤ ላኪውም ደርሶልኛል ብሎ መልስ ሲጠብቅ ይኖራል።

ስሞቻችንን በላቲን ፊደል ስንጽፍ ደግሞ ስሕተቱ ይበዛል። ጫልቱ የሚለውን ስም ውሰዱ። ቁቤ በ1984 ዓ.ም. የአፋን ኦሮሞ መጻፊያ ሆኖ ከጸደቀ ወዲህ በዚሁ ሥርዓት የተማረ ሰው ስሙን በ«ሲ» ብቻ ይጀምርና አናባቢዎቹን ይደግማቸዋል። በእንግሊዝኛ ልማድ የሚጽፍ ሰው ግን በ«ሲ» እና በ«ኤች» ይጀምራል፤ አናባቢዎቹንም አይደግምም። ለእኛ ሁለቱም ጫልቱ ናቸው፤ ለሰርቨሩ ግን የማይተዋወቁ ሁለት ሰዎች ናቸው። ስለዚህ አድራሻችሁን ለሰው ስትሰጡ በቃል ብቻ አትንገሩ፤ ፊደል በፊደል ጽፋችሁ ስጡ። ከተቻለም በዚያው ሰዓት «ደርሶኛል» የሚል አጭር መልእክት ተላላኩ።

መልእክቱ የሚጓዝበትን መንገድ በምሳሌ እንመልከት። በአዳማ የምትማር ጫልቱ የተባለች ልጅ በባቱ ለሚኖር አጎቷ ጻፈች እንበል። «ላክ» የሚለውን ስትነካ መልእክቱ በቀጥታ ወደ አጎቷ ስልክ አይበርም። በመጀመሪያ የራሷን ሣጥን ወደሚጠብቀው ሰርቨር ይሄዳል። ይህ ሰርቨር ከኤት በስተቀኝ ያለውን ስም ያያል፤ የኢንተርኔት አድራሻዎች ማውጫ የሚባለውንም ይጠይቃል። ማውጫው «የዚህ ድርጅት ደብዳቤ ተቀባይ ይህኛው ኮምፒዩተር ነው» ብሎ ሲነግረው፣ ሰርቨሩ ከዚያኛው ጋር ይገናኛል። ተቀባዩ ሰርቨር በስተግራ ያለውን መለያ ያያል፤ እንዲህ ያለ ባለ ሣጥን ካለው መልእክቱን በሣጥኑ ውስጥ ያኖረዋል። የአጎቷ ስልክ ተዘግቶ ቢሆን ወይም በባቱ መብራት ጠፍቶ ቢሆን መልእክቱ አይጠፋም። ስልኩ በተከፈተና መረብ ባገኘ ጊዜ ይመጣለታል።

ብዙዎቻችን የምንጠቀምባቸው ሣጥኖች የውጭ አገር ኩባንያዎች ናቸው። በመሆኑም በሞጆና በመቂ በኩል በአውቶቡስ ግማሽ ቀን የማይሞላው የአዳማና የባቱ ርቀት፣ ለዚህ መልእክት ባሕር ተሻግሮ የመመለስ ያህል ነው። ከአገር ከሚወጡት መስመሮች አንዱ ወደ ጅቡቲ ወርዶ በባሕር ውስጥ ከተዘረጋው ገመድ ጋር ይገናኛል፤ የጥንቱም ደብዳቤ ወደዚያው ወደብ ይወርድ ነበር። ልዩነቱ የዛሬው ጉዞ ብዙውን ጊዜ በጥቂት ሴኮንዶች ማለቁ ነው።

ይህን ያህል ስለ አሠራሩ ከተረዳን፣ ጀማሪዎች ከሁሉ አብልጠው ሊጠነቀቁበት ወደሚገባው ወደ ቁልፉ እንመለስ። በከተሞቻችን አዲስ ስልክ የሚገዛ ሰው ብዙ ጊዜ ኢሜይሉን ራሱ አያወጣም። የሱቁ ሠራተኛ ስልኩን ለማስነሣት ብሎ በፍጥነት አንድ አድራሻ ያወጣለታል፤ የይለፍ ቃሉንም ራሱ ይመርጣል። ገዢው አመስግኖ ይሄዳል። ጫልቱ እንዲህ ባለ ሁኔታ በወጣላት አድራሻ ለነጻ የትምህርት ዕድል ተመዘገበች እንበል። ከወራት በኋላ ስልኳ ተሰበረ፤ ሌላ ስልክ ተገዛላት። የይለፍ ቃሉን ስትጠየቅ አታውቀውም። የሱቁ ልጅ ከተማ ለውጧል። «በአሥር ቀን ውስጥ መልስ ስጪ» የሚለው ደብዳቤ በሣጥኑ ውስጥ ተቀምጧል፤ ሣጥኑም ደኅና ነው፤ ግን ቁልፍ የለም። ለእርሷ የተጠበቀው ቦታ በአሥራ አንደኛው ቀን ለሌላ ተማሪ ይሰጣል። ይህ ሁሉ የሆነው ስልኩ በተገዛበት ቀን አምስት ደቂቃ ባለመታገሥ ነው።

ስለዚህ አድራሻችሁን ራሳችሁ አውጡ። አገልግሎቱ ስማችሁን፣ የልደት ቀናችሁን፣ የምትመርጡትን መለያና የይለፍ ቃል ይጠይቃችኋል። መለያው ከስማችሁ ጋር የተያያዘ ቢሆን ይመረጣል፤ በቀልድ የወጣ የቅጽል ስም ለጓደኛ ያስቃል፣ ለቀጣሪ መሥሪያ ቤት ግን አይሆንም። የልደቱን ቀን ወደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ለውጣችሁ ጻፉ። በ2003 ዓ.ም. የተወለደ ልጅ ዓመቱን ሳይለውጥ ቢጽፈው፣ በኮምፒዩተሩ ዘንድ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ይጨመርበታል፤ ኋላ የይለፍ ቃሉን ረስቶ ማንነቱን ሲጠየቅም የትኛውን እንደ ጻፈ ይጠፋዋል። የይለፍ ቃሉ ረዘም ያለ፣ ሌላ ሰው በግምት የማይደርስበት ይሁን፤ የስልክ ቁጥርና የልደት ዓመት ለዚህ አይበጁም። በወረቀት ጽፋችሁ የትምህርት ማስረጃችሁ በሚቀመጥበት ቦታ ብታኖሩት ነውር የለበትም። ለማስታወሻ የምታስመዘግቡት ስልክ ቁጥርም የራሳችሁ ወይም የወላጆቻችሁ ይሁን፤ ቁጥር ስትለውጡ በኢሜይሉም ላይ ለውጡት። «የይለፍ ቃልህን ላክልን፤ አለዚያ ሣጥንህ ይዘጋል» የሚል መልእክት ቢመጣ አትመልሱ፤ የፖስታ ቤት ሠራተኛ ቁልፋችሁን አምጡ አይልምና። ደግሞም ሣጥናችሁን አልፎ አልፎ ክፈቱ። ለምሳሌ ጉግል ሁለት ዓመት ሙሉ ያልተከፈተን ሣጥን ሊሰርዝ እንደሚችል በደንቡ አስታውቋል።

መልእክት አጻጻፉን በተመለከተ፣ በዚህ መጽሐፍ የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ አጻጻፍን የተማረ ተማሪ ብዙ አይቸገርም። ኢሜይልም «ለ» የሚል ቦታ አለው፤ «ጉዳዩ» የሚል ቦታ አለው፤ «ግልባጭ» የሚልም አለው። ግልባጭ በውጭ አገር ሰዎች አጠራር እስከ ዛሬ «የካርቦን ቅጅ» ይባላል፤ በጽሕፈት መኪና ዘመን በሁለት ወረቀቶች መካከል ይገባ ከነበረው ከጥቁሩ ካርቦን ወረቀት የቀረ ስም ነው። በዚህ ላይ ኢሜይል ስውር ግልባጭ ጨምሮበታል፤ በዚያ ቦታ ስሙ የተጻፈ ሰው መልእክቱ ይደርሰዋል፣ ሌሎቹ ተቀባዮች ግን አያዩትም። ከደብዳቤው ጋር የሚላክ ማስረጃ «አባሪ» ይባላል፤ ጂሜይል በአንድ መልእክት እስከ 25 ሜጋባይት ይቀበላል። አጭር ምሳሌ እነሆ።

ጉዳዩ፦ የትምህርት ማስረጃ ስለ መጠየቅ

ለተከበሩ የመዝገብ ቤት ኃላፊ፣

እኔ አመልካች እስከ 2016 ዓ.ም. ድረስ በትምህርት ቤታችሁ ስማር ቆይቼ በቤተሰብ ምክንያት ወደ አዳማ ተዛውሬአለሁ። የዘጠነኛ ክፍል ውጤቴ ለአዲሱ ትምህርት ቤት ስለሚያስፈልገኝ እንዲላክልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ። የመታወቂያዬን ቅጅ አባሪ አድርጌአለሁ።

ከሰላምታ ጋር፣
ሙሉ ስምና ስልክ ቁጥር

ጉዳዩን ባዶ አትተዉ፤ በቀን መቶ መልእክት የሚመጣለት ኃላፊ መርጦ የሚከፍተው በጉዳዩ ነው። አባሪ አለ ብላችሁ ጽፋችሁ አባሪውን ሳታያይዙ መላክም በሁሉም ዘንድ የሚደርስ ስሕተት ነው። አማርኛውን በፊደሉ ጻፉት። የኢትዮጵያ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ በተባለው የዓለም ፊደላት መዝገብ ከመግባቱ በፊት ብዙ ሰው አማርኛን በላቲን ፊደል እየጻፈ ይልክ ነበር፤ ያ ልማድ ዛሬም አልጠፋም። በላቲን «ጠ» እና «ተ» በአንድ ፊደል ስለሚጻፉ፣ «መጣን» ያለው ጸሐፊ «መታን» ብሎ ሊነበብ ይችላል። አንዱ የደስታ ዜና ነው፣ ሌላው የአቤቱታ። እያንዳንዱ የእኛ ፊደል በኮምፒዩተር ውስጥ ሦስት ባይት፣ የላቲኑ ግን አንድ ባይት ይይዛል፤ ቢሆንም አንድ ሺህ ፊደል ያለው ደብዳቤ ሦስት ሺህ ባይት ያህል ብቻ ነውና ከአንድ ፎቶግራፍ ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ነው።

የጠበቃችሁት መልስ ሲዘገይ፣ የማይፈለጉ መልእክቶች የሚጠራቀሙበትን ክፍል እዩ፤ ሰርቨሩ ተሳስቶ ደኅናውን ደብዳቤ እዚያ የሚጥልበት ጊዜ አለ። መልሱ ቀነ ገደብ ያለው ከሆነ ደግሞ ቀኑንም ሰዓቱንም ወደ እኛ አቆጣጠር ለውጡ። በውጭ አቆጣጠር ከምሽቱ 11 ሰዓት ከ59 ደቂቃ የሚለው፣ በእኛ ከሌሊቱ 5 ሰዓት ከ59 ነው። ይህም ሰዓቱ የኢትዮጵያ ከሆነ ነው፤ የለንደን የክረምት ሰዓት ከሆነ ሦስት ሰዓት ይጨመርበታል፣ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ከ59 ይሆናል።