የሹራብ እጅጌና ብብት እንዴት ይገጥማሉ?

ደብተርና እርሳስ ይዛችኋል? የዛሬው ንግግራችን ቁጥር አለበትና ከአጠገባችሁ አድርጉ። የልብስ ሰፊ ሜትር ያላችሁም አምጡት።

የምንነጋገረው ስለ ሹራብ ነው። ደረቱ ክፍት ሆኖ በቁልፍ ስለሚዘጋው ሹራብ። መካነ ሰላም ከባሕር ወለል በላይ 2600 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ወደ አማራ ሳይንትና ወደ ለጋምቦ ደጋ ሲወጡ ደግሞ ብርዱ ይብሳል። በኅዳርና በታኅሣሥ፣ ሣሩ በውርጭ ነጭ ሆኖ ሲያድር፣ በጧት ከብት ይዞ የሚወጣ ልጅ ምን እንደሚሰማው ታውቁታላችሁ።

ለዚህ ብርድ አባቶቻችን መላ አላጡለትም። የበግ ጠጉር ይሸለታል፣ ይነደፋል፣ ይፈተላል፤ ከዚያ ባና ይሆናል፣ በርኖስ ይሆናል። ጋቢውም አለ። ግን ልብ በሉ፤ ባናና ጋቢ እጅጌ የላቸውም። ሸማኔው አራት ማዕዘን አድርጎ ይሰጣችኋል፣ እናንተ ትከሻችሁ ላይ ጣል ታደርጉታላችሁ፣ አለቀ። ለአባትም ለልጅም ይሆናል። ሹራብ እንደዚያ አይደለም። ሹራብ የአንድ ሰው ልክ ነው። ልኩ ብዙውን ጊዜ የሚበላሸውም በአንድ ቦታ ነው፤ በብብት።

እኔ የመጀመሪያውን ሹራብ የሠራሁት ለታናሽ ወንድሜ ነበር። ጀርባውን ቀጥ አድርጌ እስከ ትከሻ ወሰድሁት። እጅጌውን ደግሞ ጠበብ አድርጌ፣ እንደ ከረጢት ቀጥ አድርጌ ሰፋሁበት። ቆሞ ሲያዩት ያምራል። ልጁ ግን ገብስ ጠባቂ ነው። ወንጭፍ ሊወነጭፍ እጁን ሲያነሣ ሹራቡ ከወገቡ ተስቦ ሆዱ ተራቆተ። በሦስተኛው ቀን ብብቱ ተተረተረ። ክሩ እናቴ ሁለት ዶሮ ሸጣ የገዛችው ነበር። ምንም አላለችኝም፤ ባትቆጣኝ ይበልጥ አፈርሁ።

ታዲያ ጥፋቱ ምን ላይ ነበር? ሰውነታችን ደረት ላይ ሰፊ ነው፤ ከትከሻ እስከ ትከሻ ግን ጠበብ ይላል። ሹራቡም እንዲሁ ከብብት ላይ ጠበብ ማለት አለበት። ይህን ካላደረግን ትርፉ ጨርቅ ብብት ሥር ይከማቻል፣ የእጅጌው መጋጠሚያም ከትከሻ ወርዶ ክንድ ላይ ይንጠለጠላል። ቀጥ ያለ እጅጌ አይሠራም ማለቴ አይደለም። በጣም ሰፊ ከሆነ ይሠራል። ጠባብ ሆኖ ቀጥ ካለ ግን መተርተሩ አይቀርም።

አሁን በቃላቱ እንስማማ። መርፌው ላይ ያለችውን አንዷን የክር ቀለበት «ዓይን» እንላታለን። ከመርፌው ጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ጊዜ ሠርተን ስንጨርስ «አንድ መሥመር» ነው። ሁለት ዓይን በአንድ ላይ ሠርተን አንድ ስናደርጋቸው «ቀነስን» እንላለን። ዓይኖቹን አንዷን በሌላዋ ላይ እያሳለፍን ከመርፌ ስናወርድ ደግሞ «ዘጋን» እንላለን። እጅጌው የሚገባበትን ክፍት ቦታ «ብብት»፣ የእጅጌውን የላይኛውን ጫፍ «አናት» እንበለው።

ከሁሉ በፊት ናሙና ሥሩ። መዳፍ የሚያህል ቁራጭ ሠርታችሁ ሜትር አስቀምጡበት። በ10 ሳንቲ ሜትር ውስጥ ስንት ዓይን አለ? ወደ ላይስ ስንት መሥመር? እኔ ዛሬ የምነግራችሁ ቁጥር 20 ዓይንና 28 መሥመር ለሚወጣው ክር ነው። በእንዝርት የተፈተለ የበግ ጠጉር ወፍራም ስለሆነ 14 ዓይን ብቻ ሊወጣው ይችላል። በዚያ ክር የእኔን 72 ዓይን ብትጀምሩ 36 ሳንቲ ሜትር መሆን የነበረበት ጀርባ 51 ይሆንባችኋል። ለልጅ የጀመራችሁት ለአባትየው ሆነ ማለት ነው! ስለዚህ ቁጥሬን እንዳለ አትውሰዱ፤ ስሌቱን ውሰዱ።

ልኩን እንያዝ። የስምንት ዓመት ልጅ ነው እንበል። የደረቱ ዙሪያ 64 ሳንቲ ሜትር ቢሆን፣ እንዲተነፍስና ከውስጥ ሸሚዝ እንዲለብስበት 8 እንጨምራለን፤ 72 ይሆናል። የጀርባው ግማሹ ነው፣ 36። በ10 ሳንቲ ሜትር 20 ዓይን ካለ፣ በ36 ሳንቲ ሜትር 72 ዓይን አለ። ቀጥሎ ከትከሻ አጥንት እስከ ትከሻ አጥንት ለኩ፤ 28 ሳንቲ ሜትር፣ ማለትም 56 ዓይን። ከ72 ላይ 56 ሲቀነስ 16 ይቀራል። ከብብት የሚወጣው ይኸው ነው፤ በቀኝ 8፣ በግራ 8።

ስምንቱን በአንድ ጊዜ አትዝጉ፤ ማዕዘን ይሆንና ይቆረቁራል። ብብት ላይ ስትደርሱ መጀመሪያ 4 ዓይን ዝጉ፣ መሥመሩን ጨርሱ፣ አዙሩና በዚያኛውም በኩል 4 ዝጉ። ከዚያ በየሁለተኛው መሥመር በሁለቱም ጫፍ አንድ አንድ ዓይን ቀንሱ፤ ይህን አራት ጊዜ አድርጉ። አሁን መርፌው ላይ 56 ዓይን ቀርቷል፤ የሠራችሁትም 10 መሥመር ነው። የብብቱ ቁመት 16 ሳንቲ ሜትር ስለሚሆን በጠቅላላው 44 መሥመር ያህል ያስፈልጋል። ስለዚህ ሳትቀንሱ 34 መሥመር ቀጥ ብላችሁ ውጡ።

የደረቱ ሁለት ክፍሎች እያንዳንዳቸው በ36 ዓይን ይጀመራሉ። ብብታቸው ልክ እንደ ጀርባው ነው፤ 4 ይዘጋል፣ 4 ይቀነሳል፣ 28 ይቀራል። ግን ተጠንቀቁ! የአንደኛው ብብት በቀኝ ከሆነ የሌላኛው በግራ ነው። ሁለቱንም በአንድ በኩል ሠርቶ ሁለት ቀኝ ደረት ይዞ የሚቀር ሰው ብዙ ነው። ስትሠሩ ክፍሉን በልጁ ደረት ላይ አስደግፋችሁ እዩት።

እጅጌውን ከአንጓ እንጀምር። 36 ዓይን ጀምሩና 14 መሥመር የሚለጠጥ ጠርዝ ሥሩ። ከዚያ በየስድስተኛው መሥመር በሁለቱም ጫፍ አንድ አንድ ዓይን ጨምሩ፤ አሥር ጊዜ። 56 ዓይን ይሆናል። ሌላ 10 መሥመር ቀጥ በሉ። ሲለካ 30 ሳንቲ ሜትር ነው። የልጃችሁ ክንድ ከብብት እስከ አንጓ ከዚህ የሚረዝም ከሆነ እዚህ ላይ ጨምሩ እንጂ አናቱ ላይ አትጨምሩ።

ዋናው ነገር አናቱ ነው። በልብስ ሰፊ የተሰፋ ኮት እጅጌውን ተርትራችሁ ብትዘረጉት ጫፉ ቀጥ ያለ አይደለም፤ እንደ ኮረብታ መሐሉ ከፍ፣ ዳርና ዳሩ ዝቅ ያለ ነው። ኮረብታው በጣም ረጅምና ቀጭን ከሆነ እጅ ወርዶ ሲታይ ያምራል፣ እጅ ሲነሣ ግን ይይዛል። ኮረብታው ዝቅ ብሎ ሰፋ ካለ ብብት ሥር ትንሽ እጥፋት ይኖረዋል፣ እጅ ግን እንደ ልብ ይነሣል። እኔ ለሚሠራ ሰው፣ እንጨት ለሚሸከምና ወንጭፍ ለሚወነጭፍ ልጅ፣ ሁለተኛውን እመርጣለሁ። የብብቱን ቁመት ለሦስት ከፍላችሁ ሁለቱን እጅ ያህል ለአናቱ ስጡ። ብብቱ 16 ከሆነ አናቱ ከ10 እስከ 11 ሳንቲ ሜትር ነው።

እንዲህ ይሠራል። በሁለቱም ጫፍ እንደ ጀርባው 4 ዓይን ዝጉ፤ 48 ይቀራል። በየሁለተኛው መሥመር በሁለቱም ጫፍ አንድ አንድ ቀንሱ፤ አሥራ ሁለት ጊዜ። 24 ይቀራል። ከዚያ በአራት ተከታታይ መሥመሮች መጀመሪያ ላይ 3፣ 3 ዝጉ። የቀረውን 12 ዓይን በአንድ ጊዜ ዝጉ፤ ክሩን ላላ አድርጉት፤ ከጠበቀ ትከሻ ላይ ይቋጠራል።

ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ከማንበብና ከመጻፍ ጋር ሒሳብም ያስተምር ነበር። እርሳሱ እዚህ ላይ ነው የሚያስፈልገው። በቀነሳችሁ ቁጥር ደብተራችሁ ላይ አንድ ጭረት ጫሩ። ቡናው ገነፈለ፣ ልጅ አለቀሰ፣ ጎረቤት ጠራ፤ ተነሥታችሁ ስትመለሱ ስንት ጊዜ እንደቀነሳችሁ ደብተሩ ይነግራችኋል። ሁለተኛውን እጅጌ ከሁለት ሳምንት በኋላ ብትሠሩትም ከፊተኛው እኩል ይወጣል። በቃል የተያዘ ቁጥር ግን ያጣላል፤ አንዱ እጅጌ አሥራ ሁለት ጊዜ፣ ሌላው አሥር ጊዜ ተቀንሶ ስንት ሹራብ ተንሻፎ አይቻለሁ።

ከመስፋታችሁ በፊት ለኩ። ሁለቱን ትከሻ ብቻ ስፉና ሜትሩን በብብቱ ጠርዝ ዙሪያውን አስኪዱት። በእኛ ቁጥር 35 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይመጣል። የእጅጌውን አናት ጠርዝ ከዳር እስከ ዳር ስትለኩት 37 ገደማ ነው። ሁለቱ ትርፍ ለትከሻው ክብ ነው፣ አትፍሩት። ትርፉ አምስት ከሆነ ግን ይጨማደዳል። አናቱ ከብብቱ ካነሰ ደግሞ ስፌቱ ይወጠርና እንደ ወንድሜ ሹራብ ይተረተራል። የዚያን ጊዜ አናቱን ብቻ ተርትራችሁ በየአራተኛው መሥመር ጥቂት ጊዜ እየቀነሳችሁ ከፍ አድርጉት። የተተረተረ ክር አይጠፋም።

የአናቱን እኩሌታ ፈልጉና በመርፌ ቁልፍ ከትከሻው ስፌት ጋር ያዙት። የተዘጉትን 4 ዓይኖች ብብት ላይ ከተዘጉት 4 ዓይኖች ጋር ያዙ። ትርፉን ትከሻው አካባቢ አከፋፍሉት እንጂ ወደ ብብት አትግፉት። መስፋት የሚጀመረው ከትከሻው ነው፤ መጀመሪያ በአንድ በኩል፣ ከዚያ እንደገና ከትከሻው በሌላው በኩል ወደ ታች። መጨረሻ ላይ ከእጅጌው አንጓ ተነሥታችሁ በብብት በኩል አልፋችሁ እስከ ወገብ በአንድ ስፌት ዝጉ።

ቁልፉን ሳትተክሉ ልጁን ጥሩት። አልብሱት፣ ሁለቱንም እጁን ወደ ላይ ያንሣ። የሹራቡ ወገብ ትንሽ ከፍ ቢል ደንብ ነው። ሆዱ ካልተራቆተና ብብቱን ካልያዘው ቁልፉን መትከል ትችላላችሁ።

በሚቀጥለው ንግግራችን የአንገቱን ክብና የቁልፍ ቀዳዳውን እናያለን። ያን ዕለት የሁለቱን ደረት ክፍሎች ከነመርፌያቸው ይዛችሁ ጠብቁን። ደኅና ሁኑ።